የአክስቴ የፍየል ዘበኛ

በእኛ አገር ውሻ የሚቀጠርበት የሥራ መደብ አንድ ነው፤ ሰው ላይ መጮኽ። ከግምጃ ቤት ከተማ ወደ ጫግኒ በእግርህ ወርደህ እንደሆነ ታውቀዋለህ። አጥር ሥር የተጋደመው ሁሉ ብድግ ብሎ ዘር ማንዘርህን እየሰደበ ይሸኝሃል። ባለቤቱ ከቤት ብቅ ይልና «አይዞህ፣ አይነካህም!» ይልሃል፤ ውሻው ሱሪህን ነክሶ ይዞ ሳለ። እንዲህ ያለው ውሻ በሰፈሩ የተከበረ ነው። ጅቡ በጓሮ ገብቶ ፍየሏን አንጠልጥሎ ሲወጣ ግን፣ ያው የተከበረ ውሻ በደጅ በኩል በሚያልፍ ሰካራም ላይ እየጮኸ ነው። አይፈረድበትም። ፍየል ጠብቅ ያለው የለማ!

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ስለ አክስቴ ስለ ጥሩነሽ ላወራህ ፈልጌ ነው። አክስቴ ከጫግኒ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሀብቷም ጨዋታዋም ፍየሎቿ ናቸው። ከሰው ጋር በአማርኛም በአዊኛም ታወራለች፤ ከፍየሎቿ ጋር ግን በአዊኛ ብቻ። ታማክራቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ አንዳንዴም የጎረቤት ሐሜት ታካፍላቸዋለች፤ ሚስጥር በመጠበቅ ደግሞ ከእኔ ይሻላሉ።

ታዲያ አንድ በጋ ቀበሮ ግልገሎቿን ለመደባት። በጠራራ ፀሐይ እየመጣ ከእናታቸው ጉያ ይወስዳቸው ጀመር። ይህን የሰማ ልጇ ስመኘው፣ እንጅባራ ላይ ሱቅ ያለው ነው፣ «ፍየሎቹን እንሽጣቸውና እኔ ዘንድ ነይ» እያለ ይጨቀጭቃት ያዘ። ክፉ ልጅ እንዳይመስልህ። እናቴ ብትወድቅ ማን ያነሣታል እያለ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ነው። አክስቴ ግን እንጅባራን የምታውቃት በብርዷ ብቻ ነው። «እዚያ ሄጄ ከማን ጋር ላወራ ነው?» አለችኝ፤ አንጀቴን በላችው። ስመኘውንም እስከ ከርሞ ፋሲካ እንዲታገሣት፣ ከዚያ ይሸጣሉ ብላ ቃል ገብታ ለመነችው።

እኔ ዳንግላ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ። በሌላው ዓለም ቡችላን ከፍየሎች ጋር አብረው እንደሚያሳድጉት፣ ሲያድግም ፍየሎቹን እንደ ወንድም እህት እንደሚጠብቅ ያነበብሁት በዚያ ሰሞን ነበር። ወዲያው ከጎረቤት አንድ ቡችላ ለምኜ፣ በካርቶን አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ ምን እንደያዝሁ ሲጠይቀኝ «መድኃኒት ነው» አልሁት። መድኃኒቱ ጫግኒ እስክንደርስ አለቀሰ።

አክስቴ ስሙን መከታ አለችው። ከፍየሎቹ ጋር ጉረኖ ውስጥ ይደር ስላት ግን ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ውሻ ደጅ ነው እንጂ ከከብት ጋር ሲያድር የት ታይቶ! ደግነቱ ሁዳዴ ገባ። ቤቱ ጾመኛ፣ ወተቱ የትየለሌ። ከሚደፋስ ብላ አክስቴ እሺ አለችኝ። መከታ የመንደሩ ብቸኛ ጾም ገዳፊ ሆኖ የፍየል ወተቱን እየጠጣ፣ ከግልገሎቹ ጋር እየተደራረበ መተኛት ጀመረ። ዋል አደር ሲል አክስቴ እሱንም በአዊኛ ታወራው ጀመር።

ውሻው አደገ። አደገና አልጮኸም። መንገደኛ ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ተመልሶ ይተኛል። ጎረቤቷ አያ ምትኩ በአጥሩ ላይ አሻግረው እያዩ «ጥሩነሽ፣ ይኼ እኮ ቀንድ ያላበቀለ ፍየል ነው!» ይሏታል። መንደሩ ሳቀ። አክስቴ ከፋት፤ እኔም ዳንግላ ሆኜ አፈርሁ። አንድ ቀን ግን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ቀበሮው መጥቶ ነበር። መከታ ከግልገሎቹ መሐል ተነሥቶ፣ እስከ ወንዙ ድረስ አባሮት ሲያበቃ ተመልሶ መጥቶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ አንድም ግልገል አልጠፋባትም።

የከርሞው ፋሲካ ሲቃረብ ስመኘው ነጋዴ ይዞ መጣ፤ ቃል ቃል ነው ብሎ። እኔም እዚያው ነበርሁ። ነጋዴው ገመዱን እያፍተለተለ ወደ ጉረኖው ሲራመድ መከታ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። አሁንም አልጮኸም። ጥርሱን ብቻ አሳየው።

«ሂድ! ዞር በል!» አለ ስመኘው። ከተማ ያደገ ልጅ ነው፤ አዊኛው ጠፍቶታል። መከታ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። ስመኘው ጮኸ፣ ለመነ፣ ዳቦ ወረወረ። ዳቦውን ፍየሎቹ በሉት።

ነጋዴው ወደ ኋላ እያፈገፈገ «ወንድሜ፣ እኔ ፍየል ልገዛ ነው የመጣሁት፣ እግሬን ልሸጥ አይደለም» ብሎ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለ።

«እማ! ያዥልኝ እንጂ!» አለ ስመኘው።

አክስቴ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ለበዓሉ ጠላ ጌሾ ትለቅማለች። ቀና አላለችም። «እኔ ጠብቅ አልሁት እንጂ ከማን ከማን ብዬ አልለየሁለትም» አለች። ከዚያ እጇን ከጌሾው ላይ አንሥታ ልጇን አየችው። «ዓመቱን ሙሉ አንዲት ግልገል አላስነካም። እኔንም እንዲሁ ነው የሚጠብቀኝ። እዚሁ ልሁን፣ ልጄ።»

ስመኘው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኋላ ነጋዴውን እስከ መንገዱ ሸኝቶት ሲመለስ ለበዓሉ ዶሮ ገዝቶ መጣ፤ ስለ መሸጥም ዳግመኛ አላነሣም።

ስመኘው ወደ እንጅባራ ከተመለሰ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «አክስቴ፣ አንቺስ አንዷን ለመሸጥ ብትፈልጊ በየት በኩል ታወጫታለሽ?» አልኋት። ወደ ጉረኖው ሄደች። ቀስ ብላ አንዲት የአዊኛ ቃል ተነፈሰች። መከታ ጭራውን እየቆላ ከበሩ ዞር አለላት።

ይቺን ቃል ይዛ ያን ጠዋት ሁሉ እዚያ ተቀምጣ ጌሾ ስትለቅም ነበር እኮ!

አሁን ስመኘው በየሳምንቱ ይደውልላታል። ከእናቱ አዊኛ እየተማረ ነው፤ ሰላምታውን፣ የእህሉን ስም፣ የእንስሳቱን ስም ጨርሷል አሉ። ያቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ አላስተማረችውም።