ቀዩ ለምለም

በደርግ ዘመን ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ የሳተላይት ምስል ማንበብ የሚችል ከእኔ ወዲያ አልነበረም። በሬውን ከሰማይ ላይ በቀንዱ እለየው ነበር! መቼም ምስል ከያዘ መሬቱን ቀና ብሎ የማያይ ባለሙያ ገጥሟችሁ የለ? እኔ ነኝ። ምስላችን ቀለሙ በማሽን ተቀይሮ ሲወጣ ለምለሙ መሬት ቀይ፣ የተራቆተው አረንጓዴ ይሆናል። ስማዳ ላይ ሕዝቡን ሰብስቤ፣ ይህንኑ አስረድቼ፣ “ቀበሌያችሁ ተራቁቷል፤ ለሰፈራ ተነሡ!” አልኩ።

መምሬ ታረቀኝ ጎንበስ ብለው ምስሉን አዩ።

“ልጄ፣ ለምለሙ ምን ቀለም ነው ያልከን?”

“ቀይ ነዋ፣ መምሬ!”

“ታዲያ የእኛ እንደ በርበሬ ቀልቶ የለም እንዴ?”

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰፈራውም ቀረ።

ምን እደብቃችኋለሁ፣ ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ዛሬም ገበያ ላይ ቃሪያውን ከበርበሬው የምለየው ነክሼ ነው።