ሁለት አንቲቫይረስ የጫነው የኮምፒውተር መምህር

ኧረ ጎበዝ፣ የዛሬውን ስትሰሙ አንፍሬንድ እንዳታደርጉኝ!

እንደምታውቁት እዚህ ቡታጅራ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። አዎ፣ መምህር።

ባለቤቴ ሰናይት የማስተርስ ጥናቷን የምትጽፈው እቤት ባለችው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ልጅ እያጠባች፣ ስምንት ወር ሙሉ! ወልቂጤ ያለው አማካሪዋ ደግሞ «ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ካልላክሽ ለከርሞ ነው» ብሏታል።

ቅዳሜ ማለት ዛሬ ነው።

እኔ ታዲያ ትናንት «ከቫይረስ ልጠብቅልሽ» ብዬ አንቲቫይረስ ጫንኩላት።

በነበረው ላይ። ሁለተኛ!

ጠዋት ስንከፍተው ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲንገታገት ቆየና ባዶ ዴስክቶፕ አመጣ። ፎልደር የለ፣ የልጃችን ፎቶ የለ፣ ጥናት የለ። «የገባኸው በጊዜያዊ ፕሮፋይል ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ።

ሰናይት አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔስ? ላብ በላብ ሆኜ፣ እንደ አዋቂ «ፎርማት ይደረጋል» አልኩ።

ፎርማት! ያለውን ሁሉ ጠርጌ ልጥለው!

ይሄኔ ጎረቤታችን ሙና የሕፃኑን ልብስ ሰፍታ ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የጥልፍ ዲዛይኖቿን የምታስቀምጠው ኮምፒውተር ላይ ነው።

«ቲቸር፣ እጅህን አንሳ! ትናንት ምን ጫንክበት?»

ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አቤት አስተያየት!

«ወላሂ ሁለቱ ናቸው የተጣሉት። አብሽሪ ሰናይት፣ ፋይልሽ የትም አልሄደም።»

ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዋና ዋናው ብቻ እንዲሠራ አድርጋ አስነስታ አዲሱን አንቲቫይረስ አጠፋችው። ሪስታርት።

አሁንም ባዶ! እኔ «አላልኳችሁም?» ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ ሲ ድራይቭ ውስጥ ገብታ «ዩዘርስ» የሚለውን ፎልደር ከፈተች።

የሰናይት ፎልደር እዚያው ቁጭ ብሏል! የተበላሸው ፕሮፋይሉ፣ መግቢያዋ ነው እንጂ ጥናቱ ደህና ነው። መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ አዲስ ዩዘር ከፍታ ዕቃውን ሁሉ ወደዚያ አዛወረችው። አንዴም አልተጣደፈች፣ አንዴም አልተሳሳተች። ቆሜ ሳያት አፌን መዝጋት ረሳሁ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ጥናቱ ተላከ። ሰናይት ሙናን አቅፋ አለቀሰች።

እኔን ማንም አላቀፈኝም።

«ሙና፣ ይሄን የት ተማርሽው?»

«አምና ዲዛይኖቼ እንዲሁ ጠፍተውብኝ ነበር። ያኔ የልጄን ደብተር አንብቤ፣ እየሞከርኩ አወቅኩት። አንተው ያጻፍካቸው እኮ ነው!»

እኔው! ሶስት ዓመት ሙሉ አጻፍኩት፤ አንድ ቀን ሞክሬው አላውቅም። ይቺ ሴት ግን ደንበኛ እያስተናገደች፣ ስፌት መኪና እየረገጠች፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሞከረችው። ጀግና ማለት እንዲህ ነው!

«ነይና በእኔ ቦታ አስተምሪልኝ» ብላት «የሰርግ ልብስ አለብኝ» ብላ ሄደች።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሰኞ የሙና ልጅ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «ደብተር አውጡ፣ ጻፉ» የምለው በየትኛው አፌ ነው?