ሊቀ ነፋሳት እና የእናቴ ሻርፕ

በየቤተ ዘመዱ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ጣሪያ እያየ ነው። ሠርግ ብትጠሩት ሙሽሮቹን ከማየቱ በፊት የአዳራሹን የአየር መውጫዎች ይቆጥራል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ለቀስተኛው የሚጸልይ ይመስለዋል።

የኛ ቤት ድርሻ የእህቴ ባል ነው። ሥራው ለቢሮዎችና ለገበያ ሕንፃዎች ማሞቂያና አየር ማመላለሻ መንደፍ ነው፤ እኛ ግን «ክቡር ሊቀ ነፋሳት» ብለን ሾመነዋል። ምግብ ቤት አብራችሁት ከገባችሁ ሦስት ጠረጴዛ ሳያስቀይር አያሳርፋችሁም። ከሶፍት ቀደድ አድርጎ ወደ ላይ ይይዝና መወዛወዙን ያያል። አስተናጋጁ ሊታዘዝ ሲመጣ፣ «አየሩ በየት ይገባል? በየት ይወጣል?» ይለዋል። ምስኪኑ በሩን ያሳየዋል፤ ሌላ ምን ያሳየው?

እግዜር ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ አማት አድርጎ የሰጠው እናቴን ነው። እናቴ ብርድን እንደ ሌባ የምትጠብቅ ሴት ናት። ሰው በታጨቀበት ታክሲ ውስጥ መስኮት የጣት ያህል ቢከፈት፣ «ዝጉት፣ ልትፈጁን ነው?» ትላለች። በእሷ ሕግ ሰው የሚሞተው በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ነፋስ ነው፣ ሁለተኛውም ነፋስ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ያለው ደግሞ ሊቀ ነፋሳት ራሱ አየሩን በነደፈለት ሕንፃ ውስጥ ነው።

ሰሞኑን ሳል ይዟት፣ «ሱቁን ልተወው ነው፣ አርጅቻለሁ» ማለት ጀምራ ነበር። ከዚያ ማሽን ተለይታ ቤት ብትውል ምን እንደምትሆን ስለምናውቅ ሁላችንም ፈራን። በዚህ መሀል ጎረቤቷ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ከላይ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን እየበተነ አላሠራ እንዳለው አቤት አለ። ሊቀ ነፋሳት መሰላሉን ተሸክሞ ከተፍ አለ፤ እኔም ተከተልኩት።

የነፋሱን መነሻ ሲፈልግ ጎን ወዳለው የእናቴ ሱቅ ገባን፤ ሱቁ በካውያው እንፋሎትና በጨርቅ ብናኝ ታፍኗል። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ነፋስ የሚለቀውን የጣሪያ መውጫ ክዳን ሲፈታ ሰማያዊ ሻርፗ ተጠቅልሎ ተወትፎበታል። የታገደው አየር ዞሮ የሚገባው መድኃኒት ቤቱ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ነፋሱ ትከሻዬን በላኝ፣ ልጄ። ሥራዬን ነቀፈች እንዳትል ፈራሁና ዝም አልኩ።»

እኔ ስብከቱን ጠበቅሁ። እሱ ግን ሻርፑን ይዞ ወረደና፣ «እስቲ ወንበርዎን ያውሱኝ» ብሎ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። እንደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ጨርቅ የሚገፋ ይመስል እጁን ዘርግቶ፣ እስከ ምሳ ቆየ። አንዲት ደንበኛ ገብታ ቀሚሷ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀችው። በመጨረሻ ትከሻውን እያሸ ተነሣ።

«ልክ ነዎት» አላት። «የነደፍኩት ለክፍሉ ነው። እርስዎ የት እንደሚቀመጡ አልጠየቅኩም።»

በዚያው ሳምንት መውጫውን ወደ በሩ በኩል አዛወረው፣ አፉንም አሰፋው። ከጥቅሏ ክር ቆርጦ አንጠለጠለበት፤ ክሩ ይወዛወዛል፣ ትከሻዋ ግን አይሰማውም። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሱቅ ስለመተው የሚያወራ ጠፋ። እናቴ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ቀና ብላ ክሩን ታያለች፤ በሽታው ይጋባል መሰለኝ። እኔም ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ለራሱ ግን አትንገሩብኝ፣ ሌላ ጠረጴዛ ያስቀይረኛል።

ትናንት ሱቁን አይቶ ሲጨርስ ሦስታችን ታክሲ ይዘን ተመለስን። እሱ ደክሞት፣ ላቡ በፊቱ እየወረደ አንቀላፋ። እናቴ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ሰድዳ መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችኝ። «እንዲህ ታፍኖ፣ አየር በየት ይግባለት?»

ይህን ብላ ያንን ሰማያዊ ሻርፕ ከቦርሳዋ አወጣችና፣ እንዳይነቃ ተጠንቅቃ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ብርድ እንዳይመታው።