ዜልታ የያዙ ሰው

ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ትቶ አገሩን የሚወቅስ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ ከተማ የሞላሌው ጋሽ ገሠሠ ናቸው። ከልብስ ስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። አምና ዜልታ የሚባል ስልክ ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስልክ የያዘን ሰው የሚያዩት እንደ በሽተኛ ነው።

የእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ሲጮህ ይውላል፤ እሳቸው ዜልታቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ገበያውን ይዞራሉ። የሱቃቸው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ቆመው "ሃሎ! ሃሎ!" ሲሉ፣ መሪጌታ አትናቴዎስ "አቶ ገሠሠ፣ ቅዳሴ ላይ ነን እኮ!" ብለው አወረዷቸው።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ቢቀይሩት ምናለ?" አልኳቸው።

"ዜልታ እኮ ነው! ኦርጅናል! ያንተን መጫወቻማ ማንም ይይዘዋል።"

ባለፈው ጥር ዘመሮ ከተማ የሚኖሩት እህታቸው እትዬ ጌታነሽ ታመሙ። ልጃቸው ፀደንያ ሦስት ቀን ሙሉ ለአጎቷ ብትደውል አልገባ አላት። በአራተኛው ቀን መርዶው በአውቶቡስ ረዳት አፍ ሲደርስ እትዬ ጌታነሽ ተቀብረው ነበር።

አብሬያቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ሄዱ።

"ጋሼ፣ 'ወንድሜ መጣ?' እያለች ነው ያለፈችው" አለች ፀደንያ እያለቀሰች። "ምነው ስልኩን ዘጉት?"

"ክፍት ነበር ልጄ። ከእጄም አልለየሁት።"

ለቅሶው ጋብ ሲል ዘመዶቻቸውን ሰብስበው "ከእንግዲህ ስትፈልጉኝ እዚህ ላይ ደውሉ" ብለው የእኔን ቁጥር ሰጡ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዜልታውን አልጣሉትም። የእኔ ስልክ ግን ከዚያ ወዲህ የእኔ መሆኑ ቀረ። ጠዋት የዘመሮ ዘመድ፣ ቀትር ላይ የራቤል ከተማ ባና ነጋዴ ይደውልላቸዋል። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ስልኩን ላቀብላቸው መንገድ ሳቋርጥ እውላለሁ፤ ደንበኞቼም ሱሪያቸው ሳያልቅ ፋሲካ ደረሰባቸው። ተማርሬያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አልደወለላቸውም። ዝምታው አስጨነቀኝና ተሻገርኩ። ገና ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

"ማን ደወለ?"

ፊታቸውን አየሁት።

"ፀደንያ ናት" አልኳቸው። "ጋሼ ደህና ዋሉ ወይ ትላለች።"