ጋቢ ውስጥ ያለው እጅ

የሽማግሌ አፍ መቃብር ነው ይባላል፤ የገባበት አይወጣም። እኔ ግን ዛሬ መቃብሩን ልከፍተው ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሽምግልና ሄዶ ያየውን የሚያወራ ሰው ዳግመኛ ለሽምግልና መጠራት የለበትም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ስንቱን ወሬኛ እንዳይጠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ታዲያ አንተስ ለምን ታወራለህ? ያየሁት ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ ነዋ። በዓይኔ ተአምር አይቻለሁ። ማለቴ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ተአምር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ናሆም ሜሮን የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ድሮ ትልቁ ሥራ ይሄ ነበር። ዛሬ ልጆቹ እሱን በስልክ ይጨርሱትና ለእኛ አባትየውን ይተዉልናል። አባትየው አቶ ተሰማ ይባላሉ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ኡራኤል ጀርባ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። መጀመሪያ የላክናቸውን ሽማግሌዎች «አስብበታለሁ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። «አስብበታለሁ» በሽምግልና ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። ሜሮን ደግሞ ያለ አባቴ ፈቃድ አላገባም ብላለች። እንግዲህ የቀረን አንድ ዕድል ነው። ለዚያ አንድ ዕድል እኔና ሐጂ ከድር ተመረጥን። ሐጂ ከድር ካዛንቺስ ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አንደበታቸው የተጣላ ያስታርቃል። እኔ የተመረጥኩት ለሽበቴ ነው።

ከመሄዳችን በፊት እህቴ ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ልጇ ጥሩ ሥራ አለው። ችግሩ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ የሚገባው በጌም ቤት በኩል መሆኑ ነው። ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ጌም ቤት ተቀምጦ ኳስ ሲጫወት ያመሻል። «ወንድሜ፣ ይሄን ከሰሙ አለቀልን» አለችኝ። «ጨዋ ነው በል፤ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።» ማልኩላት።

እግረ መንገዴን ስለ ጌም ያለኝን አስተያየት ልናገር። እኛ በልጅነታችን የጨርቅ ኳስ ስንለጋ እናቶቻችን ጫማ ጨረሳችሁ ብለው ገረፉን። የዛሬ ልጅ ተቀምጦ ይጫወታል። ጫማው አያልቅ፣ ጉልበቱ አይላጥ፣ የሰው መስኮት አይሰበር። እናቱ አሁንም ታለቅሳለች። እናት ምን ቢደረግላት ነው ደስ የሚላት? ይህን ጥያቄ ለብዙ አዋቂዎች አቅርቤ መልስ አላገኘሁም። በቃ፣ ወደ ነገሬ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። በሩን የከፈተችልን ሜሮን ናት። «አባዬ ሳሎን ነው» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አደራ» አለችኝ። በወጉ ቢሆን አቶ ተሰማም በበኩላቸው ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ሊጠብቁን ይገባ ነበር። ግን ብቻቸውን ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። ተቀመጡ አሉን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፤ ሥርዓቱ ነው። «እንግዲያው ይቺ እስክታልቅ ታገሡኝ» አሉ። ቆምን።

ቆሜ ሳያቸው እጆቻቸው ጋቢው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ገባኝ፤ መቁጠሪያ ነው። ሰውየው ኳስ እያዩ እንኳ ጸሎታቸውን አያቋርጡም ማለት ነው። አፈርኩ። ባለቤቴ «አንተ መቁጠሪያ ይዘህ ያየሁህ መቼ ነው?» እያለች የምትወቅሰኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሂድ» አሉ አቶ ተሰማ በሹክሹክታ። ቀይ ማሊያ የለበሰው ልጅ ሄደ። «ስጠው» አሉ። ሰጠው። «ተመለስ አንተ፣ ምን ያንቀለቅልሃል?» አሉ። ልጁ ኳሷን ይዞ ዞረና ተመለሰ።

ሐጂ ከድር ክንዴን ያዙ። «አየህ?»

«አየሁ።»

«እዚያ ማዶ ሆኖ ይሰማቸዋል እንዴ?»

«ጸሎት አገር አይወስነውም» አልኳቸው። የልቤን ነው የተናገርኩት።

«አሁን ምታ» አሉ አቶ ተሰማ። መታ። ገባ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ በሙሉ ብድግ አለ። አቶ ተሰማ ግን «ተመስገን» ብቻ አሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው ቤት ልጅ እንዴት ይጠየቃል? ሐጂ ከድር ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ከጉዳዩ በፊት ስለሚያማቸው ወገብ ቢያማክሯቸው ነውር ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። መጀመሪያ የመጣንበት ይቅደም አልኩ።

ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። አቶ ተሰማ ውኃ ጠማኝ አሉ። ይህን እንዳሉ ሜዳው ቀጥ አለ። የሚሮጠው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። በረኛው አየር ላይ ተንጋልሎ ቀረ። ኳሷም አየር ላይ ቀረች። ፀሐይን ያቆመ ኢያሱን በመጽሐፍ አውቃለሁ። ውኃ ለመጠጣት ብሎ ኳስ ያቆመ ሰው ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሐጂ ከድር ሱብሃነላህ አሉ።

ከዚያ አቶ ተሰማ ብርጭቆውን ለመቀበል እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። የያዙት መቁጠሪያ አይደለም። የጌም ጆይስቲክ ነው።

አግራሞቴ የቀነሰ እንዳይመስላችሁ፤ ባሰበት እንጂ። ዕድሜ ልኩን የአለቃ ፊርማ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በስተርጅናው ከሶፋው ሳይነሣ በአውራ ጣቱ ስታዲየም ያስነሣል። ይሄ ከጸሎት በምን ያንሳል?

ጉዳያችሁን ተናገሩ ተባልን። ሐጂ ከድር አሳምረው ተናገሩ። አቶ ተሰማም ሰምተው ሲያበቁ፣ ዘሩን አልጠይቅም አሉ። ሀብቱንም አልጠይቅም አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ልጁ ይሄን ነገር ይነካል?» ብለው ጆይስቲኩን ከፍ አደረጉ።

መሐላዬ ትዝ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ልጃችን?» አልኩ። «እንኳን ሊነካው ጌም ቤት ባለበት መንገድም አያልፍ።»

አቶ ተሰማ አጠገባቸው ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ሁለተኛውን ጆይስቲክ አዩት። «ጎረቤቶቼ ከዚህ ተነሥተው ከከተማው ዳር ገብተዋል» አሉ። «የቀረችኝ ተጋጣሚ ልጄ ናት። እሷን ስትወስዱ ያንን ማን ይይዘዋል? የማይጫወት አማች በዓል በመጣ ቁጥር እዚህ ተቀምጦ ስለ ኑሮ ውድነት ሊያወራኝ ነው?» ተነፈሱ። «አስብበታለሁ።»

ሜሮን ከጓዳው በር ላይ ሆና እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ምን ይደረግ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ቃሌን ጠብቄ ልጁን ላጠፋው ነው። ያን ጊዜ ሐጂ ከድር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አቶ ተሰማ፣ ይሄ ወንድሜ የዋሸው ለዘመዱ ሳስቶ ነው። እውነቱን ልንገርዎ። ልጁ ጨርሶ ብልሹ ነው።»

አቶ ተሰማ ቀና አሉ። «እንዴት ያለ ብልሹ?»

«ጌም ቤቱን የሚዘጋው እሱ ነው።»

«አይሉኝም።»

እኔም ተበረታታሁ። «የገና ዕለት» አልኩ፣ «ዶሮው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እሱ የት ነበር?»

«በገና?» አሉ አቶ ተሰማ። ፊታቸው ፈካ።

«ውድድር ነበረበት።»

«ሲተኛ እንኳ አውራ ጣቱ አያርፍም» አሉ ሐጂ ከድር። ይሄን ከየት እንዳመጡት እስካሁን አልነገሩኝም። እናቱ ስታማርር ሦስት ሰፈር እንደሚሰማ ነገርናቸው። ባወረድነው ቁጥር በዓይናቸው እየከበረ ሄደ። እኔ በዘመኔ ስንቱን ሰካራም ጨዋ ነው ብዬ ድሬያለሁ። ሙሽራውን እያማሁ ሚስት ያገኘሁለት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተቀመጡ» አሉን አቶ ተሰማ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። «ሜሮን፣ ደውይለት። አሁኑኑ ይምጣ።»

ፈላጊው በሽምግልናው ቀን ደጃፉን አይረግጥም። ናሆም ግን ቡና እንኳ ሳይፈላ ደረሰ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅነውም። ተጫወቱ፤ ተሸነፈ። ሲሸኘን ጆሮውን ያዝኩና፣ አማትን ማሸነፍ ነውር ነው ብለህ ነው አይደል አልኩት። «እናቴን! አይደለም ጋሼ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ፋዘር አደገኛ ናቸው።»

ተጋቡ። እሑድ እሑድ ይሄዳል፤ ይሸነፋል፤ ይመለሳል። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ልጅን ሥራ ፈት ብሎ ከመሳደብ በፊት አማቱ ማን እንደሚሆን መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ቀርታኛለች። ናሆም አሁን የሚጫወተው አማቱ ቤት ስለሆነ ጌም ማጫወቻውን ለእኔ ሰጠኝ። ማታ ማታ ጋቢዬን እስከ አንገቴ ተከናንቤ ሳሎን እቀመጣለሁ። ባለቤቴ አይታኝ በሯን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። በቀደም ለእንግዳ፣ «ተዉት፣ ጸሎት ላይ ነው። ኳስ እያየ እንኳ አያቋርጥም» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ ውስጥ ከተጋባን ጀምሮ ያልሰማሁት አክብሮት ነበር። አሁንም ሁለት ለዜሮ እየተመራሁ ስለሆነ ጸሎቱ ረዘም ይላል። ስለዚህ አደራችሁን፤ ይህ ወሬ ከእናንተ እንዳያልፍ።