በዶክተር የኋላሸት ስም የተፈተነው

[ዶክተር የኋላሸት ሰቆጣ ላይ የግል ክሊኒክ አለው። የሕክምና ፈቃዱ ነገ ያበቃል፤ ለማሳደስ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። የሥልጠናው ዕለት ገበያ ዋለና በሽተኛ እንዳያመልጠው፣ ጥበቃውን ደግሰውን ነጭ ጋውን አልብሶ በስሙ ላከው። አሰልጣኞቹ ከሩቅ የመጡ ስለሆኑ መልኩን አያውቁትም። ደግሰው አሁን ተመልሷል።]

የኋላሸት፦ ወጥ! ጋውኔ ላይ ወጥ!

ደግሰው፦ እጅጌው ረጅም ነው ዶክተር፤ ከእኔ ቀድሞ ይጎርሳል።

የኋላሸት፦ ብላ ብዬ ነው የላክሁህ?

ደግሰው፦ «ቁጭ በልና ፈርመህ ና» ነው ያሉኝ። ቁጭ ካሉ ደግሞ ምሳ ይመጣል፤ ትምህርቱም ሳይጠሩት ጆሮ ይገባል።

የኋላሸት፦ ምን ትምህርት አለው! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ያከምሁትን እኔን፣ ትናንት ጡት የጣለ ልጅ ሊያስተምረኝ! ለመሆኑ ምን አሉ?

ደግሰው፦ ሕክምና በየጊዜው ይለወጣል አሉ።

የኋላሸት፦ [እያፌዘ] የአበርገሌ ሰው ሆድ ተለወጠ? የሰሃላ ሰው ወገብ ተለወጠ? ወረቀቱን ወዲህ በል!

ደግሰው፦ ፈተናም ነበረው።

የኋላሸት፦ ምን? አንተ ተፈተንህ?

ደግሰው፦ በቃል። «ዶክተር የኋላሸት!» ሲሉ ብድግ አልሁ። ምን ያስጨንቀኛል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ ስሰማዎት ኖሬ!

የኋላሸት፦ [ፈካ ብሎ] እኔን መሰልሃቸው?

ደግሰው፦ ቁርጥ እርስዎን! «ጉንፋን የያዘው ጎልማሳ ቢመጣ ምን ያዛሉ?» አሉኝ። መርፌ!

የኋላሸት፦ እ?

ደግሰው፦ «ወገቤን የሚሉ አሮጊትስ?» መርፌ! «ተቅማጥ የያዘው ሕፃንስ?» ሁለት መርፌ! «ገበሬ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም» ይሉ የለ? እሱንም ጨመርሁላቸው። የፈታኙ ብዕር ከእጁ ወደቀ።

[የኋላሸት ፖስታውን ነጥቆ ይቀደዋል። «አላለፉም። ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ይድገሙ» ይላል።]

የኋላሸት፦ ክሊኒኬን አስዘጋኸው! አንተ ደንቆሮ! ለሕፃን ተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. እንደሚሰጥ የማያውቅ አለ?

ደግሰው፦ እኔማ አውቃለሁ። በእርስዎ ስም ተነሥቼ የራሴን መልስ ብሰጥ ግን ሐሰት አይሆንብኝም?

የኋላሸት፦ እኔም አውቃለሁ እኮ!

ደግሰው፦ [ጋውኑን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ እየጣለ] ያውቃሉ? እኔ ሞኙ ባለማወቅ ነው እያልሁ ይቅር ስልዎት ኖርሁ! እንግዲያ አምና ልጄን ማርታን ተቅማጥ ሲያጣድፋት፣ እያወቁ ነው ሁለቴ የወጓት?