ሰላም ሳይል የማያልፍ ፈረስ

ሠርግ ላይ ብዙም የማያስፈልግ ሰው ቢኖር ሙሽራው ነው። አትቆጡኝ… እስቲ አስቡት። ድንኳን ባይኖር ዝናብ ይመታችኋል። ወጡ ቢያልቅ ባለሠርጉ እስከ ልጅ ልጁ ይታማል። ሙሽራው ቢዘገይ ግን ከእናቱ በቀር ማን ልብ ይለዋል? ይህን የምለው በወሬ አይደለም። ባለፈው ጥር እዚሁ እንጅባራ ውስጥ አንድ ሙሽራ ክራቫቱን አስሮ ወንበር ላይ ሲጠብቅ፣ ሠርጉ ያለ እሱ መንገድ ላይ ደምቆ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋተኛውም እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ብርቱካን ባጃጅ ነጂ ናት። እጮኛዋ ደሳለኝ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የዓለምን ወንዞች ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥርላችኋል፤ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ግን ያለ ብርቱካን ባጃጅ ደርሶ አያውቅም። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ታደርሰዋለች፣ ከሰዓት ትመልሰዋለች። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ታዲያ ልጅቷ፣ «ስንት ዓመት እየሄድኩ የማመጣው እኔ፤ በሠርጌ ቀን እሱ መጥቶ ሊወስደኝ? እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ» አለች። ደሳለኝ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። ለካ መንገዱ ሲያስጨንቀው ከርሟል።

አባቷ ጋሽ አድማሱ ግን እሳት ለበሱ። በወጣትነታቸው በየበዓሉ ፈረስ ጋልበው አገር ያጨበጨበላቸው ሰው ናቸው። «ሴት ልጅ ወንድ ልታመጣ ሄዳ እንጅባራ ሙሉ ይሳቅብኝ? አልገኝም፤ አልመርቅምም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ብርቱካን ሰው ፊት ሳቀች። ለእኔ ለብቻዬ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። አባቷ ሳይመርቋት ከወጣች ያ ሁሉ ሠርግ ለእሷ ፎቶ መነሳት ብቻ እንደሚሆንባት ነገረችኝና አንጀቴን በላችው።

አጎት አይደለሁ? መላ አመጣሁ። በባጃጅ መሄዱ ይቅርና በፈረስ ትሂድ አልኩ። ጋሽ አድማሱ ፈረስ ሲያዩ ልባቸው ይራራል ብዬ ነው። ፈረሱንም ከጎረቤታችን ከጋሽ ተገኘ ተዋስኩ። ጋሽ ተገኘ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ከነቤተሰቡ ሳይጠይቁ የማያልፉ ሽማግሌ ናቸው። ፈረሱ ዐሥር ዓመት ሙሉ እሳቸውን ተሸክሞ ዞሯል። እኔም እንደ አዋቂ ጥርሱን አየሁ፣ ኮቴውን አየሁ፣ ጋማውን ዳበስኩ። ከጌታው ምን እንደተማረ መጠየቅ ግን አላሰብኩም!

የሠርጉ ዕለት ጋሽ አድማሱ ለከሰል የተከሉትን የዲከረንስ ዛፋቸውን ሊያዩ እንደሚሄዱ ተናግረው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ብርቱካን በሐበሻ ቀሚሷ ላይ የሥራ መነጽሯን ሰክታ ፈረሱ ላይ ወጣች። እኔ ልጓሙን ያዝኩ። ከኋላችን የሥራ ጓደኞቿ አበባ በጠመጠሙባቸው ዐሥራ ሁለት ባጃጆች ጡሩምባቸውን እያስጮሁ ተከተሉን። ሃምሳ ሜትር እንኳ አልሄድንም። የድንች ጆንያ ተደግፋ የቆመች ሴት ዘንድ ስንደርስ ፈረሱ ቀጥ አለ።

ሳብኩት። ለመንኩት። ወይ ፍንክች! ሴትዮዋ ግራ ቢገባት፣ «እንዴት አደራችሁ?» አለች። የፈረሱ ጆሮ ቆመ። ብርቱካን መለሰች፤ ሴትዮዋ ልጆቹን ጠየቀች፤ ብርቱካን ሰብሉን ጠየቀች፤ ከብቱም ተነሳ፣ ዝናቡም ተነሳ። በመጨረሻ «ደህና ዋይ» ሲባባሉ ፈረሱ በገዛ ፈቃዱ ተንቀሳቀሰና… ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ዘንድ ቆመ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የገበያ ቀን መሆኑም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያላገኘነው ሰው የለም። አሳጥረን ልናታልለው ብንሞክር አይሰማም፤ በአማርኛም ሆነ በአውኝኛ ሰላምታው ሙሉ ካልሆነ እግሩን አያነሳም። ባጃጆቹ መቅደም ነውር ሆኖባቸው ከኋላ ተኮልኩለዋል። በዚህ መሃል ደሳለኝ ደወለ።

«ቀራችሁ እንዴ?»

«ኧረ እየመጣን ነው።»

«የት ደረሳችሁ?»

«ዳቦ ቤቱ ጋ።»

«ቅድምም ዳቦ ቤቱ ጋ ነን ብለኸኛል።»

«ቅድም ከባለቤቱ ጋር ነበርን። አሁን ወረፋ የያዙትን እየጨረስን ነው።»

ከገበያው ወጥተን ጭር ያለ መንገድ ስናገኝ ደስ አለኝ። አንድ የዲከረንስ ተክል አጠገብ ስንደርስ ግን ፈረሱ እንደገና ቆመ። ሰው የለም። ወደ ዛፎቹ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ብናይ ከግንዶቹ መሃል ነጭ ጋቢ ይታያል… ጋሽ አድማሱ ናቸው። አልገኝም ያሉት ሰውዬ ተደብቀው የልጃቸውን ሠርግ እያዩ ነበር።

እየተጎተቱ ወጡ። ጡሩምባው ሁሉ ጸጥ አለ።

«እንዴት ዋሉ፣ አባባ?» አለች ብርቱካን።

«ደህና» አሉ፤ አፋቸውን ዘጉ። ፈረሱ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ በዚች አይለቀንም» አልኳቸው። ፈረሱን ቀና ብለው አዩት፤ የማን እንደሆነ አወቁና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ቤተሰብ ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው።»

«ላሟስ?»

«ጠዋት ያለብሻት አንቺ አይደለሽ?» አሉ፤ ሳቃቸው አመለጣቸውና በጋቢያቸው አፈኑት።

«ደህና ዋሉ፣ አባባ።»

«ደህና ዋይ።»

ፈረሱ ተንቀሳቀሰ። በቃ፣ አበቃ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ጋሽ አድማሱ ግን ቆመው አልቀሩም፤ ከልጃቸው ጎን ይራመዱ ጀመር። ጥቂት ሄዱና ማንም ሳያስገድዳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የአብርሃምና የሣራ ትዳር ያድርግላችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። ጎጆሽ ይሙቅ፣ ልጄ» አሉ። ብርቱካን ከመነጽሯ ሥር እንባዋ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ አቧራ ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

ከዚያ ልጓሙን ከእጄ ቀሙኝ። ወዲያው ደግሞ መልሰው ሰጡኝና እየሮጡ ከፊት ቀድመው፣ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ብለው እየጨረሱ ይጠብቁን ጀመር። ብታዩዋቸው የሠርጉ ሐሳብ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ይመስላችኋል።

ደሳለኝ ቤት ስንደርስ ዘመዶቹ በራፉን ዘግተው አናስገባም አሉ። ጋሽ አድማሱ ሁሉንም ገፍተው የሙሽራው እናት ፊት ቆሙ። «እትዬ፣ ልጅዎን ይስጡን። እንደ ልጃችን ነው የምናኖረው። ሆድ አይባስዎ» አሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ሲስቁ የነበሩት እናቱ ይህን ሲሰሙ በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ። ልጃቸው ወጥ ሲሠራ ጨው እንደሚያበዛ ነግረው፣ በዚህ እንዳይቆጡት አደራ አሏቸው።

«ግድ የለም» አሉ ጋሽ አድማሱ፤ «ገና ልጅ ነው፤ ቀስ እያለ ይለምዳል።»

ደሳለኝ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።